የመድን ቃልና የመከራ ቀን

ሰው ወዳጁን የሚያውቀው በደስታው ቀን አይደለም። በሠርግና በክርስትና ዕለት ቤቱን የሚሞሉት ሁሉ ወዳጅ ይመስላሉ፤ እውነተኛው ወዳጅ የሚለየው ግን መከራ በመጣ ጊዜ ነው። ይህ ነገር በሰውና በሰው መካከል ብቻ ሳይሆን፥ በሰውና በድርጅት መካከልም እውነት ነው። ከድርጅቶችም ሁሉ ይልቅ ለዚህ ፈተና የተጋለጠው የመድን ድርጅት ነው፤ ሌላው ነጋዴ ዕቃውን ሰጥቶ ገንዘቡን ሲቀበል፥ የመድን ድርጅት ግን ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ የሚሸጠው ቃሉን ብቻ ነውና። ዳቦ የገዛ ሰው ዳቦው ደረቅ መሆኑን በዚያው ቀን ያውቃል። መድን የገዛ ሰው ግን የገዛው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ምናልባት ከሃያ ዓመት በኋላ፥ ያውም ቤቱ ሲቃጠል ወይም መኪናው ሲገለበጥ ነው።

እኔ አንድን የመድን ድርጅት 19 ዓመት ያህል በደንበኛነት አውቄዋለሁ። መኪናዬንም ቤቴንም ያስመዘገብሁት ከዚያው ነበር። ስሙን ግን አልጠራም፤ የምጽፈው ለመበቀል ሳይሆን፥ በእኔ ላይ የደረሰው ነገር ሥራ ለመያዝና ንብረት ለማፍራት ለሚነሣው ወጣት ትምህርት ይሆነዋል ብዬ ስላሰብሁ ነው። ደግሞም በአንድ ቢሮ ያየሁት ጥፋት በሌላ ቦታና በሌላ ሥራም የሚገኝ ጥፋት ስለ ሆነ፥ የድርጅቱን ስም ከማወቅ ይልቅ የጥፋቱን ስም ማወቅ ለአንባቢ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት መድን ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን የእድር አባል የሆነ ሰው ሁሉ አሳቡን ያውቀዋል። ብዙ ሰዎች በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ግን ከራሱ መዋጮ የሚበልጥ ርዳታ ያገኛል። ሐዘን ያልደረሰበት አባል ገንዘቤ ባከነ ብሎ አያዝንም፤ እንዲያውም ተመስገን ይላል። የመድን ድርጅትም ይህንኑ በሰፊው፥ በሂሳብና በውል የሚሠራ ነው። መድን ገቢው በየዓመቱ የሚከፍለው ገንዘብ አረቦን ይባላል፤ ጉዳት ሲደርስ ድርጅቱ የሚከፍለው ደግሞ ካሣ ይባላል። የብዙዎች አረቦን የጥቂቶች ካሣ ይሆናል ማለት ነው።

የቤት መድን የተወለደው ከእሳት ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1666 ዓ.ም. የለንደን ከተማ ተቃጥላ ከ13,000 የሚበልጡ ቤቶች ከወደሙ በኋላ፥ ኒኮላስ ባርቦን የሚባል ሐኪምና ቤት ሠሪ በ1680 ዓ.ም. ገደማ የእሳት መድን የሚሰጥ ቢሮ አቋቋመ። በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ መድን ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በ1967 ዓ.ም. የነበሩት ኩባንያዎች በመንግሥት ተወርሰው፥ ሥራው በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ሆነ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ደግሞ የግል ድርጅቶች እንደ ገና ለመከፈት ቻሉ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅም ባለመኪና ሁሉ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገደደ። ስለዚህ መድን የባለጠጋ ነገር መሆኑ ቀርቶ፥ አንዲት አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ጉዳይ ሆኗል።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። መኪናዬን ከዚህ ድርጅት ያስመዘገብሁት በ1998 ዓ.ም. ነበር፤ ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በ2005 ዓ.ም.፥ ቤቴንም አስመዘገብሁ። ቤቴ አራት ክፍል ያለው የብሎኬት ቤት ነው። መሬቱ ሳይቈጠር፥ ቤቱን እንደ ገና ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ተገምቶ 900,000 ብር ተብሎ በውሉ ላይ ተጻፈ፤ ያን ጊዜ ይህ ትክክለኛ ዋጋ ነበረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ወደ ቢሮው እሄዳለሁ፤ ገንዘቡን እከፍላለሁ፤ ደረሰኙን አጥፌ በሣጥን ውስጥ አኖራለሁ። አንድም ዓመት አላሳለፍሁም። እኔም በዚህ እኮራ ነበር።

የዕቃ ዋጋ በዓመታቱ ሁሉ ሲወጣ ቆይቶ፥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከድርጅቱ ስልክ ተደወለልኝ። «ጋሼ፥ የመኪና ዋጋ በጣም ጨምሯል፤ መለዋወጫውም እንደዚያው። የእርስዎን መኪና በቀድሞው ዋጋ ልናድስልዎ አንችልም» አሉኝ። እውነት ነበር። ሄድሁ፤ አዲሱን ዋጋ ተቀበልሁ፤ ከፍ ያለውንም አረቦን ከፈልሁ። ስላስታወሱኝም አመሰገንኋቸው።

ሁለት ወር አልፎ ኅዳር ገባ። የቤቱን ልከፍል ወደዚያው ቢሮ፥ ወደዚያው ጠረጴዛ ሄድሁ። የተቀመጠችው ልጅ ሰው አክባሪ ናት፤ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። ወረቀቱንም አውጥታ «የቤቱ እንደ ቀድሞው ነው፥ ጋሼ፤ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለችኝ። ፈረምሁ። እንደ ቀድሞው ነው ማለት የ2005 ዓ.ም. ዋጋ ነው ማለት እንደ ሆነ እርስዋም አልነገረችኝም፥ እኔም አልጠየቅኋትም።

በጥር ወር አንድ ሌሊት ከማድ ቤቱ ጣራ ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ ተያያዘና እሳት ተነሣ። በጎረቤቶቻችን ርዳታና በእሳት አደጋ ሠራተኞች ድካም ሰው ሳይጐዳ ተረፍን፤ ነገር ግን ማድ ቤቱ፥ አጠገቡ ያለው ዕቃ ቤትና የጣራው ግማሽ ተቃጠለ። ድርጅቱ ገማች ላከ። ገማቹም ቀና ሰው ነበር፤ ጉዳቱ 480,000 ብር ነው ብሎ ጻፈ። እኔም ተስማማሁ። ከሁለት ወር መመላለስ በኋላ የመጣው ደብዳቤ ግን የሚከፈለኝ 120,000 ብር መሆኑን፥ ከዚያም ላይ በውሉ መሠረት የራሴ ድርሻ የሚቀነስ መሆኑን ይነግር ነበር።

ምክንያቱን ስጠይቅ ሥራ አስኪያጁ በወረቀት ላይ አሳየኝ። ቤቱን ዛሬ ለመሥራት 3,600,000 ብር ያስፈልጋል። የተመዘገበው 900,000 ብር ነው። ይህ የዋጋው አንድ አራተኛ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ከጉዳቱም የሚከፍለው አንድ አራተኛውን ነው፤ ለቀረው ሦስት እጅ ራሴ የራሴ መድን ሰጪ ሆኜ እቈጠራለሁ። «ውሉ ላይ አለ፥ ጋሼ» ብሎ ገጹን ገልጦ ሰጠኝ። አነበብሁት። እውነትም በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። «ለ19 ዓመት ደንበኛ ነበርሁ» አልሁት። «እናመሰግናለን» አለኝ።

እንግዲህ ፍርድ ከመስጠት በፊት ሁለቱንም ወገን መስማት ተገቢ ነው። ድርጅቱ የሚለው አለው፤ የሚለውም ከንቱ አይደለም። አንደኛ፥ ካሣ የሚከፈለው ከድርጅቱ ኪስ ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ደንበኞች አረቦን ነው። ሁለተኛ፥ እኔ አረቦን የከፈልሁት በ900,000 ብር ሂሳብ ነው፤ ጎረቤቴ በ3,600,000 ብር ሂሳብ አራት እጥፍ ሲከፍል ቆይቶ እኩል ብንካስ፥ በእርሱ ላይ ግፍ ይሆናል። ሦስተኛ፥ ይህ ስሌት በመድን ሥራ በብዙ አገር የታወቀ እንጂ በእኔ ላይ የተፈጠረ አይደለም። ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ ቁጣዬ ጥቂት በረደ። በሂሳቡ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ በዝምታው ላይ ነው። የቤት መሥሪያ ዋጋ መናሩን ድርጅቱ አላወቀም እንዳይባል፥ የመኪናውን ዋጋ ቈጥሮ የደወለልኝ እርሱ ራሱ ነው። አንዱን ነገር በመስከረም የሚያውቅ፥ በኅዳር እንዴት ይረሳዋል? ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል። መኪና በየቀኑ ይጋጫል፤ ስለዚህ የመኪናው ዋጋ ዝቅ ብሎ መመዝገቡ ድርጅቱን በየቀኑ ይጐዳዋል። ቤት ግን የሚቃጠለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ሲቃጠልም ጉድለቱን የሚሸከመው ባለቤቱ ነው። እንግዲህ ድርጅቱ ራሱን በሚጐዳው ነገር ላይ አንደበቱ ተፈታ፤ ደንበኛውን በሚጐዳው ነገር ላይ ግን አንደበቱ ተያዘ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ደግሞ ገጽና ቍጥር ጠርቶ አስረዳኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህን ለመሰለ ነገር ነው።

ዝም ማለት መዋሸት አይደለም የሚል ሰው ይኖራል። በመድን ነገር ግን ይህ አባባል አያዋጣም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1766 ዓ.ም. ሎርድ ማንስፊልድ የሚባለው የእንግሊዝ ዳኛ አንድ ዝነኛ ፍርድ ሰጥቶ ነበር። ጆርጅ ካርተር የተባለ ሰው በሱማትራ ደሴት ላይ ያለ የአንድ ምሽግ ገዥ ነበር፤ ምሽጉ በጠላት እንዳይያዝበት ፈርቶ በለንደን መድን ገባ። ፈረንሳዮች በ1760 ዓ.ም. ምሽጉን ያዙት። መድን ሰጪው ግን «የምሽጉን ድካም ደብቀኸኛል» ብሎ አልከፍልም አለ። ዳኛው ለካርተር ፈረደ፤ መድን ሰጪው ሊያውቅና ሊጠይቅ ሲችል ሳይጠይቅ ገንዘቡን ተቀብሏልና። በዚያውም ፍርድ ቅን ልቡና ሁለቱንም ወገን እንደሚያስር አስረዳ። መድን ገቢው የሚያውቀውን መደበቅ እንደማይገባው ሁሉ፥ መድን ሰጪውም መርከቢቱ በደኅና ወደብ መግባቷን በስውር እያወቀ አረቦን ቢቀበል፥ ውሉ በእርሱም ላይ ይፈርሳል አለ።

የእኛም የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ከባድ ነገር ዐውቆ የደበቀ ወይም የዋሸ መድን ገቢ ውሉ እንዲፈርስበት ያዝዛል። ድርጅቶችም ይህን ሕግ በደንበኛው ላይ ለመጥቀስ አይሰንፉም። እንግዲህ ደንበኛው አንድ ነገር ቢሰውር ቅጣት ካለው፥ ድርጅቱ የሚያውቀውን ነገር ሰውሮ በየዓመቱ ገንዘብ ሲቀበል ምን ሊባል ነው? ሕግ ባይቀጣው እንኳ ኅሊና ሊወቅሰው ይገባል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንጂ የእናት የአባት አይደለም ሲባል፥ ለደካማው ብቻ የተነገረ አይደለም።

መልካም ድርጅት እንዴት ያለ እንደ ሆነ ለማሳየት አንድ ታሪክ ልጨምር። በአውሮጳ አቆጣጠር ኤፕሪል 18 ቀን 1906 ዓ.ም. በአሜሪካ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች፤ ከዚያም ለቀናት ተቃጠለች። ወደ 28,000 የሚሆኑ ሕንፃዎች ወደሙ። ብዙው ሰው የነበረው መድን የእሳት እንጂ የመሬት መንቀጥቀጥ አልነበረም። ስለዚህ አንዳንድ ድርጅቶች ቤቱን የጣለው እሳቱ ነው ወይስ መንቀጥቀጡ ብለው ተከራከሩ፤ አንዳንዶችም ካሣውን ቀንሰው ከፈሉ። በለንደን ሎይድስ ይሠራ የነበረው ከትበርት ሂዝ ግን በዚያ ለነበረው ወኪሉ የውሉን ቃል ሳይመለከት ለደንበኞቹ ሁሉ በሙሉ እንዲከፍል ትእዛዝ ላከ። ገንዘቡ በዚያ ቀን ጐደለ፤ የሎይድስ ስም ግን በአሜሪካ አገር ለብዙ ዘመን ታመነ። እኔ ከድርጅቴ ይህን ያህል አልጠየቅሁም። ከውሉ በላይ ይክፈለኝ አላልሁም። የፈለግሁት ያች በመስከረም የተደወለች ስልክ በኅዳርም እንድትደወል ብቻ ነበር። ምሕረት ሳይሆን፥ እውነት በጊዜው እንዲነገረኝ ነው የፈለግሁት።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ፤ ሌላውን ነቅፎ ራሱን የሚያልፍ ሰው ሚዛኑ አባይ ነውና። ያን ውል ለዓመታት በሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ አንድ ቀንም ተቀምጬ አላነበብሁትም። ለእሑድ ጨዋታ ሰዓታት ሳገኝ፥ ለቤቴ ውል ግማሽ ሰዓት አላገኘሁም። ደረሰኝ መሰብሰብ ትጋት፥ ለብዙ ዓመት መቈየትም መብት ይመስለኝ ነበር። የድርጅቱ ዝምታ ጥፋት ነው፤ የእኔም አለመጠየቅ ታናሽ ጥፋት አይደለም። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ማለትን እያወቅሁ፥ ቤቴ ከተቃጠለ በኋላ ነቃሁ።

ከዚህም የከፋ ፈተና አጋጥሞኝ ነበር። ደብዳቤው በመጣ ሰሞን አንድ ወዳጄ «እነርሱ አታለሉህ፤ አንተም ያልተቃጠለ ዕቃ ጨምረህ ጻፍ። ፍሪጅ በል፥ ቴሌቪዥን በል፥ ምንጣፍ በል። ማን ያያል?» አለኝ። የቤት ዕቃውም በመድኑ ውስጥ ስለ ነበረ ነገሩ የሚቻል መሰለኝ። ሁለት ሌሊት አሰብሁ። በሦስተኛው ሌሊት ዝርዝሩን ጻፍሁት፤ እጄም አልተንቀጠቀጠም፤ የተበደለ ሰው ሲሰርቅ ብድሩን የሚያስመልስ ይመስለዋልና። ባለቤቴ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ አነበበችው። «ቤታችንን እሳት አቃጠለው፤ ስምህን ደግሞ አንተ አታቃጥለው» አለችኝና ወረቀቱን መለሰችልኝ። ቀደድሁት። ያን ወረቀት ባስገባው ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍ አፍ አይኖረኝም ነበር። የሐሰት ካሣም የሚከፈለው ከሌሎች አረቦን ስለ ሆነ፥ የምሰርቀው ሥራ አስኪያጁን ሳይሆን እንደ እኔ ያለውን ሰው ነበር።

ለድርጅቱ በጽሑፍ አቤት አልሁ፤ ሁለት መስመር መልስ አገኘሁ። በዓመቱ መጨረሻ መኪናዬንም ቤቴንም አወጣሁ። ወደ ሌላ ድርጅት የሄድሁት ግን ያኛው ጻድቅ ነው ብዬ አይደለም። ከመፈረሜ በፊት ጠየቅሁ፤ እርሱም መለሰልኝ፤ መልሱንም በጽሑፍ አደረግነው። የቀድሞውን ድርጅት ለቅቄ ስወጣ ያች ሰው አክባሪ ልጅ «ምነው ጋሼ፥ ምን አጠፋን?» አለችኝ። ልመልስላት አስቤ ነበር፤ ብዙ ሰው ወረፋ ይጠብቅ ስለ ነበረ ተሰናብቻት ወጣሁ። ይህ ጽሑፍ ለእርስዋም መልስ ይሁናት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተም አንቺም ነገ ቤት ትሠራላችሁ፤ መኪና ትገዛላችሁ። መድን ግቡ፤ በእኔ ላይ በደረሰው ነገር ተቈጥታችሁ አትተዉት፤ 120,000 ብርም ቢሆን ከባዶ እጅ ይሻላል። ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። የተመዘገበው ዋጋ የዛሬ ዋጋ ነው ወይስ የጥንት? ጉዳት ሲደርስ ከእኔ የሚቀነሰው ስንት ነው? ውሉ የማይሸፍነው አደጋ የትኛው ነው? አደጋውን በስንት ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለብኝ? በየዓመቱም ስታድሱ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግማችሁ ጠይቁ። ክርክር ቢነሣም አትዘግዩ፤ በንግድ ሕጉ ከመድን ውል የሚነሣ መብት በሁለት ዓመት ይታገዳልና።

ከእናንተም አንዳንዳችሁ ምናልባት በመድን ቢሮ፥ ወይም በባንክ፥ ወይም ሰው ሳያነብ በሚፈርምበት በሌላ ጠረጴዛ ኋላ ትቀመጣላችሁ። ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ደረሰኙን አጥፎ በኪሱ ይዞ ሲመጣ፥ ወንበር መስጠት መልካም ነው፤ ከወንበሩ ይልቅ ግን እውነቱን ስጡት። «ይህ ዋጋ አሮጌ ሆኗል፤ አደጋ ቢመጣ ይጐዳዎታል» ብሎ ለመናገር የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ ድርጅቱ ምናልባት የሚያጣው አንዳች የለም፤ እንዲያውም አረቦኑ ከፍ ይልለታል። ያ ሰው ግን የመከራው ቀን ሲመጣ፥ ከልጆቹ ጋር ከሜዳ ላይ አይቀርም።